ግድቡ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው፦ የይፋት ቆላ ጎርፍና የጥገና ጥያቄ

በይፋት፣ ከጣርማበር ዋሻ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው መንገድ በመኪና የአንድ ሰዓት ያህል ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ግን መንገደኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ጋቢ ደርቦ የተነሣው ሰው ማንጎና ፓፓያ ወደሚሸጥበት አገር ይደርሳል። ውሃውም የሚወርደው በዚሁ ቁልቁለት ነው። በመንዝ አፋፍ፣ በማፉድ፣ በደብረ ሲና ላይ የጣለው የነሐሴ ዝናብ ቆላ ለመድረስ ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል። ሮቢት ላይ ፀሐይ ወጥታ ሰው ከብቱን ሲያጠጣ፣ ልብሱን ሲያጥብ፣ የሮቢ ወንዝ ደጋ የዘነበውን ይዞ ከተፍ ይላል። የጀውሃና የአጣዬ ወንዞችም ጠባያቸው ይኸው ነው። በበጋ በድንጋይ መካከል የሚንጠባጠብ ቀጭን ውሃ ናቸው፤ በክረምት ግንድና ቋጥኝ የሚያንከባልል ደራሽ ይሆናሉ። ሁሉም በመጨረሻ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳሉ።

ይህን ደራሽ ምን ያቁመው የሚለው ጥያቄ ክረምት በገባ ቁጥር ይነሣል። አንዱ ወገን ወንዙ ከተራራው ሳይወጣ ከላይ ግድብ ይሠራለት ይላል። ሌላው በከተማውና በእርሻው ዳር በድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን (ጋቢዮን) እና የአፈር ካብ ይበቃል ባይ ነው። ሦስተኛው ችግሩ ያለው ተራራው ላይ ነው፣ እርከኑና ደኑ ይመለስ ይላል። ከወንዙ ዳር ሰው ይነሣ የሚልም አለ፤ ይህኛው ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ቦታው የሰው ቤትና መተዳደሪያ ነውና። አራቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። ክርክሩ ሁልጊዜ የሚያልቀው ግን «ምን እንሥራ» ላይ ነው። የተሠራውን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማን ይዞት ይገኛል የሚለው እምብዛም አይጠየቅም። እኔ ዋናው ጥያቄ እርሱ ነው እላለሁ። በአገራችንም በጎረቤትም በደለል የሞሉት፣ የፈረሱት፣ ሰው የፈጁት ግድቦች ታሪክ ወደዚሁ ይመልሳል።

በመጀመሪያ ስለ ጎርፍ መከላከያ ግድብ ጠባይ እንነጋገር። የመስኖ ግድብ ክረምት ሲወጣ ሙሉ ሆኖ መገኘት አለበት። የጎርፍ ግድብ ደግሞ ትልቁ ጎርፍ ሲመጣ ባዶ ሆኖ መጠበቅ አለበት። ደራሹን ይቀበላል፣ የታችኛው ወንዝ በሚችለው ልክ ቀስ እያለ ይለቀዋል፣ በቀናት ውስጥ ባዶውን ሆኖ ቀጣዩን ይጠብቃል። አሁን ሮቢትን እናስብ። ሽንኩርት፣ ማሾ፣ ትምባሆና ፍራፍሬ የሚያበቅል፣ በበጋ ውሃ የሚጠማው ቆላ ነው። ከላዩ ግድብ ቢሠራለት ነሐሴ ላይ ያንን ሁሉ ውሃ «ይለቀቅ» ብሎ የሚያዝ ኃላፊ ከየት ይመጣል? ገበሬው ለጥር ሽንኩርቱ ውሃው እንዲቀመጥለት ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ትክክለኛ ነው። ስለዚህ ግድቡ ሁለት ሥራ ተሰጥቶት ይመረቅና ውሎ አድሮ አንዱን ይተዋል። የሚተወውም የጎርፉን ነው። የመስኖው ጥቅም በየዓመቱ ገበያ ላይ ይታያል፤ የጎርፉ ጥቅም ግን በሃያና በሠላሳ ዓመት አንዴ፣ ያውም አንድ ነገር ባለመሆኑ ብቻ የሚታወቅ ነው።

በአዋሽ ወንዝ ላይ ያለው የቆቃ ግድብ የዚህ ግጭት የቆየ ምሳሌ ነው። በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ ተሠርቶ ሥራ ሲጀምር የተሰጠው ዋና ተግባር 43 ሜጋዋት ያህል ኤሌክትሪክ ማመንጨት ነበር። ከታቹ ያሉት የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ እርሻዎች ግን ከአዋሽ ሙላት የሚጠበቁት በእርሱ ነው። ለኃይሉ ሲባል ሐይቁ መሙላት አለበት፤ ለወንጂ ሲባል ቦታ መተው አለበት። በዚህ ላይ ደለል አለ። ሲሠራ ከ1.6 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ውሃ ይይዝ የነበረው ሐይቅ ከዚያ ወዲህ የመያዣውን ጉልህ ክፍል ለደለል አስረክቧል። ደለሉ የወሰደው ቦታ ለኃይሉም ለጎርፉም ይሆን የነበረ ቦታ ነው፤ ሲጠብ ግን ቀድሞ የሚጎዳው የጎርፉ ድርሻ ነው። ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ነሐሴና መስከረም ላይ ከቆቃ ውሃ ሊለቀቅ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ለታችኛው ተፋሰስ ነዋሪ የሚወጣው ለዚህ ነው። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ አዋሽ ሞልቶ በአፋር በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሲያፈናቅል በዚህ ወንዝና በገባሮቹ ላይ ቆቃም፣ ከሰምም፣ ተንዳሆም ነበሩ። ግድብ መኖሩ ብቻ ጎርፍ መቅረቱ አይደለም።

ወደ ይፋት አፋፍ ስንመለስ የደለሉ ነገር ይብሳል። ቆቃ የሚቀበለው በአብዛኛው የተራቆተ እርሻ አፈር ነው። ሮቢና ጀውሃ ግን ጭቃውን ብቻ አያመጡም፤ ጠጠሩን፣ ድንጋዩን፣ አንዳንዴም ተራራውን ራሱን ነው የሚያወርዱት። በ1998 ዓ.ም. መስከረም መጀመሪያ ላይ ደብረ ሲና አካባቢ ይዛባና ሾተል አምባ ላይ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ብዙ ቤቶችን ከነእርሻቸው ያወደመ ነበር። እንዲህ ያለ ተዳፋት ሥር የሚተከል ግድብ ከውሃ ይልቅ ድንጋይ የሚያጠራቅም ሊሆን ይችላል። ከይፋት በስተሰሜን፣ በጎረቤቱ በወሎ፣ የቦርከና ግድብ ግንባታው ሳያልቅ በደለል መሞላቱ በውሃ መሐንዲሶች ዘንድ እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ነው። ለጎንደር ከተማ መጠጥ ውሃ የተሠራው አንገረብም ከታሰበው ዕድሜ በፊት በደለል ተይዟል። ሁለቱም ግድቦች የተጠኑና የተነደፉ ነበሩ። ያልተጠናው ተራራው ነው።

ተራራው ይታከም የሚሉት ወገኖች እዚህ ላይ ክርክሩን የረቱ ይመስላል፤ በእርግጥም ብዙ ረትተዋል። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ በአማራ ክልል የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ሥራ፣ እርከኑ፣ ክትሩ፣ ከልክሉ፣ ለማንኛውም ግድብ ዕድሜ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። ነገር ግን እርከን የሚያበርደው መካከለኛውን ዝናብ ነው። መሬቱ በሐምሌ ጠግቦ ካበቃ በኋላ ነሐሴ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚወርደውን አይውጠውም። ክትር ደግሞ ራሱ ትንሽ ግድብ ነው። ይሞላል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ሲፈርስ የያዘውን በታችኛው ላይ ያራግፋል። ባለፈው ዓመት የተሠራውን ክትር ማን ዞሮ ያየዋል? ዘመቻው በዚህ ዓመት ስንት ኪሎ ሜትር አዲስ እርከን እንደተሠራ ይቆጥራል፤ ካቻምና የተሠራው ስንቱ እንደቆመ የሚቆጥርበት ዓምድ በሪፖርቱ ላይ ሰፍቶ አይታይም።

ለይፋት ከማንም ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከሊቢያ ነው የሚመጣው። ደርና የምትባለው ከተማ ጀበል አኽዳር ከተባለው ተራራ ሥር፣ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ደረቅ ሆኖ የሚከርም ወንዝ ባሕር ሲገባ በሁለት ዳርቻው የተቆረቆረች ናት። ወንዙ አልፎ አልፎ እየሞላ ከተማዋን ስላጠቃ፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ የዩጎዝላቪያ ድርጅት ሁለት የጎርፍ መከላከያ ግድቦች ሠራ። የላይኛው አቡ መንሱር 22.5 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ፣ ለከተማዋ የሚቀርበው አል ቢላድ 1.5 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ይይዙ ነበር። ሁለቱም በድንጋይና በአፈር የተሞሉ፣ መካከላቸው የሸክላ አፈር የሆነ ግድቦች ናቸው። በ1986 እ.ኤ.አ. ትልቅ ጎርፍ መጣ፤ ግድቦቹ ተጎዱ እንጂ ቆሙ። በ1998 እ.ኤ.አ. የተካሄደ ጥናት ስንጥቅ እንዳለባቸው አረጋገጠ። በ2007 እ.ኤ.አ. ለጥገናው ከአንድ የቱርክ ኩባንያ ጋር ውል ተፈረመ፤ ሥራው ግን የተጀመረው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዓመቱ አገሪቱ ጦርነት ውስጥ ስትገባ ሠራተኞቹ ወጡ፣ አልተመለሱም። በ2022 እ.ኤ.አ. የኦማር አል ሙክታር ዩኒቨርሲቲ መሐንዲስ የሆነ ተመራማሪ ግድቦቹ በአስቸኳይ ካልተጠገኑ ትልቅ ጎርፍ ከተማዋን እንደሚያጠፋት ጽፎ አሳተመ።

በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን 5 ለ6 አጥቢያ ዳንኤል የተባለው ማዕበል ያን ተራራ መታው። የላይኛው ግድብ ተሰበረ፤ የተጠራቀመው ውሃ ወርዶ የታችኛውን ጠራርጎ ከተማዋ መሐል ገባ። በሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፣ ብዙዎቹን ባሕሩ ወሰዳቸው። በሚቀጥለው ዓመት ፍርድ ቤት 12 ባለሥልጣናትንና የቀድሞ ባለሥልጣናትን ጥፋተኛ ብሎ እስከ 27 ዓመት እስራት ፈረደባቸው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ሦስት ነገሮች ይበልጥ ይከብዳሉ። አንደኛው፣ ስንጥቁ በታወቀበትና ግድቡ በፈረሰበት ቀን መካከል 25 ዓመት አለ። እውቀት አልጠፋም፣ ገንዘብም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ የጠፋው ሥራውን ከዳር የሚያደርስ ባለቤት ነው። ሁለተኛው፣ ጦርነቱ ግድቡን አልመታውም፤ ጠጋኙን ነው ያባረረው። በይፋትም በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ከዚያም ወዲህ ባለው አለመረጋጋት ምን ያህል የጥገና ሥራ እንደተቋረጠ ማሰብ አያቅትም። ባለሙያ ወንዝ ለወንዝ መዞር ካልቻለ ዝገቱና ስንጥቁ አይጠብቁትም። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ፣ ግድቡ አርባ ዓመት በመቆሙ ሰው ማመኑ ነው። በደረቁ ወንዝ ዳርና ዳር ቤት በዛ። ግድቡ ሲፈርስ የወረደው ውሃ ተራ ጎርፍ አልነበረም፤ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነበር። ያልተጠበቀ የጎርፍ ግድብ ከናካቴው ግድብ ከሌለበት ወንዝ ይልቅ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ደርና ብቻዋን አይደለችም። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ በሱዳን ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ያለው የአርባዓት ግድብ፣ ከተሠራ ሃያ ዓመት ብዙም ሳያልፈው፣ በከባድ ዝናብ ፈርሶ መንደሮችን ጠርጓል። በዚያው ዓመት ጳጉሜን በናይጄሪያ በ1986 እ.ኤ.አ. የተሠራው የአላው ግድብ ተደርምሶ የማይዱጉሪን ከተማ ሰፊ ክፍል አጥለቅልቋል። በኬንያ ሶላይ በ2010 ዓ.ም. ግንቦት የፈረሰው የአንድ የግል እርሻ ኩሬ ነበር፤ ከ40 በላይ ሰው ገደለ። ይህን የመጨረሻውን የማነሣው የግድቡ ትንሽነት ዋስትና እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። አደጋው የሚለካው በግድቡ ቁመት ሳይሆን ከታቹ በሚኖረው ሰው ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ማሳ ብቻ የነበረበት ሥፍራ ዛሬ ሰፈር ከሆነ፣ ግድቡ አንድ ድንጋይ ሳይጨመርበት አደገኛነቱ በብዙ እጥፍ አድጓል። እንደ ሸዋ ሮቢት በአስፋልት መንገድ ዳር ፈጥነው የሚሰፉ ከተሞች ይህን ማሰብ አለባቸው።

ግድብ ሲያረጅ ምን ይሆናል? የአፈር ግድብ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ውሃ በአናቱ ላይ ሲያልፍ ነው፤ በአናቱ የፈሰሰ ውሃ የአፈር ግድብን በሰዓታት ውስጥ ቆርጦ ይጥለዋል። ይህ እንዳይሆን ነው የተትረፈረፈውን ውሃ የሚያሳልፍ ማስተንፈሻ የሚሠራለት። ማስተንፈሻው ግን ለዓመታት ውሃ ሳያይ ስለሚቆይ ሰው ይረሳዋል፦ ቁጥቋጦ ይበቅልበታል፣ ደለል ይሞላዋል፣ አጥር ይታጠርበታል፣ ውሃ ለማስቀረት ሲሉ አፉ ላይ ድንጋይ የሚክቡም አሉ። ሁለተኛው ሞት ከውስጥ ነው። በየትኛውም የአፈር ግድብ ትንሽ ውሃ ያዣል፤ ያ በራሱ አያስደነግጥም። የሚያዣው ውሃ ጥርት ያለና የማይጨምር ከሆነ ግድቡ አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው። ከደፈረሰ ግን የግድቡን አፈር እያጠበ እየወጣ ነው ማለት ነው፤ ያ ምልክት በታየ በቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ግድቡ ሊሸነቆር ይችላል። የካቲት ላይ ሌላው ሣር ደርቆ በግድቡ ግርጌ አንድ ቦታ ብቻ ለምለም ከሆነ ከብት ጠባቂው ልጅ ከመሐንዲሱ ቀድሞ ያየዋል። በግድቡ ጀርባ የበቀለ ዛፍ ውበት ነው ብሎ የሚተወው አለ፤ ዛፉ ሲደርቅ ሥሩ ይበሰብስና ለውሃ መንገድ ይሆናል። ጃርት ጉድጓድ ይቆፍርበታል። የከብት መተላለፊያ አናቱን ይሰረጉደዋል። የመልቀቂያው መዝጊያ ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ዝጎ ይጣበቃል፤ የሚፈለግበት ቀን ሲመጣ ማንሻው የለም፣ ወይም ቁልፉ የተቀየረ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነው።

በተለይ የጎርፍ ግድብ ከመስኖው በዚህ ይከፋል። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደርቆ ስለሚከርም የሸክላው አፈር ይሰነጠቃል። ሰው ውሃ ሊቀዳ፣ ቦይ ሊከፍት ስለማይሄድበት የሚያየውም የለም። ትልቁ ፈተና የሚመጣውም ሳይሞከር በቆየ አካል ላይ በአንድ ሌሊት ነው።

በቆላው ከተሞች ዳር የሚሠሩት ጋቢዮኖችስ? ሽቦው በጠጠር ተፈትጎ ይበጠሳል፣ ይዝጋል፤ ለአጥር ተፈልጎም ይቆረጣል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ከሥሩ ነው፦ ውሃው ግርጌውን ይምሰዋል፣ ካቡ ወደፊት ይደፋል። በሌላ ቦታ ደግሞ ወንዙ ጠጠሩን እያራገፈ ወለሉን ከፍ ያደርጋል፤ ሦስት ሜትር የነበረው ካብ ከጥቂት ክረምት በኋላ ሁለት ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ሰው ግን አሁንም ሦስት ሜትር አለ ብሎ ይተኛል። በጋቢዮኑና በድልድዩ አጠገብ አሸዋ ማውጣት ደግሞ ያንኑ ግርጌ በእጅ መማስ ነው።

ይህን የመሰለ ጉዳት በቁጥር የተመረመረበት አገር ውስጥ ያለ ሥራ የትግራይ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዐሥር ዓመት 500 ትንንሽ ግድቦችን ለመሥራት ታቅዶ በደርዘን የሚቆጠሩት ብቻ ተሠሩ። በኋላ ተመራማሪዎች እነዚህን ዞረው ሲፈትሹ ከግማሽ የሚበልጡት የደለል ችግር እንዳለባቸው፣ ግማሽ ያህሉም ውሃ እንደሚያፈስሱ አገኙ፤ አካላቸው የተጎዳና ማስተንፈሻቸው የተሸረሸረም ጥቂት አልነበሩም። አማራ ክልልም በዚያው ዘመን በተመሳሳይ መንፈስ ግድብና የወንዝ ጠለፋ ሠርቷል። ዳሰሳው ክልል ለክልል፣ ወረዳ ለወረዳ፣ በየጥቂት ዓመቱ ቢደገም የት እንዳለን እናውቅ ነበር።

ይፋት ሌላም ነገር አለበት፤ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈራርሳለች፣ ካራ ቆሬ ብዙ ቤቶቿን አጥታለች፣ የደሴው መንገድ ተሰንጥቋል። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ዙሪያ የሚሠራ ማንኛውም ግድብ በዚህ የስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው የሚሠራው። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ ደግሞ ጥያቄውን ከመጽሐፍ አውጥቶ ከሰም ግድብ ላይ አሳረፈው። ከሰም ከተጉለትና ቡልጋ ደጋ የሚነሣውን ወንዝ አፋር ላይ የሚያቆም፣ ቁመቱ 90 ሜትር ገደማ፣ 500 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ የሚይዝ ግድብ ነው። መጠናቸው በታኅሣሥ መጨረሻ 5.8፣ በየካቲት 6.0 የደረሱት መንቀጥቀጦች ከአዲስ አበባ እስከ ሰሜን ሸዋ ሲሰሙ፣ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሰው ከአፋር፣ ከኦሮሚያና ከአማራ አካባቢዎች ሲነሣ፣ አገሩ ሁሉ «ከሰምስ?» ብሎ ጠየቀ። ግድቡ ቆሟል። እነዚያ ወራት ግን አንድ ነገር አሳይተዋል፦ መንቀጥቀጥ ካለፈ በኋላ ግድብ ደህና ነው ለማለት ከመንቀጥቀጡ በፊት እንዴት እንደነበረ የሚናገር መዝገብ ያስፈልጋል። በየወሩ ስንት ሊትር ያዣ ነበር? አናቱ በየዓመቱ ስንት ሳንቲ ሜትር ይወርድ ነበር? ለከሰም ያህል ግድብ ይህን የሚለኩ መሣሪያዎች ይተከላሉ። ለትንንሾቹ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ሰዓትና አንድ ደብተር ይበቃል። የጎደለው ደብተሩን እንዲይዝ የታዘዘ ሰው ነው።

ሕጉ የት ነው ያለው? የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ማንም የውሃ ሥራ ሲገነባ ፈቃድ እንዲያወጣ ያዝዛል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ደግሞ ተጠቃሚው ተደራጅቶ መዋጮ እየከፈለ ቦዩንና መዋቅሩን እንዲያስተዳድር መንገድ ከፍቷል። የዓለም ባንክ ገንዘብ ያለባቸው ትልልቅ ግድቦች፣ እንደ ፎገራው ርብ ያሉት፣ ከገለልተኛ ባለሙያዎች ቡድን ጀምሮ እስከ ጥገናና የአደጋ ጊዜ እቅድ ድረስ እንዲኖራቸው አበዳሪው ያስገድዳል። በእነዚህ መካከል ግን ክፍተት አለ፤ የጎርፍ መከላከያው የሚወድቀውም እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። የኤሌክትሪክ ግድብ ኃይል የሚሸጥ ባለቤት አለው። የመስኖ ግድብ ውሃ የሚጠጡ ማሳዎች አሉት፤ ማኅበሩም መዋጮ ይሰበስብበታል። የጎርፍ ግድብ ተጠቃሚ ግን በዚያ ዓመት ቤቱ ውሃ ያልገባበት ሰው ነው፤ ከእርሱ መዋጮ የሚሰበስብ የለም። ማኅበሩም ለከተማው ደኅንነት ሲል ውሃውን አይለቅም፤ ልቀቅ ሊባልም አይገባውም።

በጀቱም እንዲሁ ነው። ግንባታ የሚሠራው በካፒታል በጀት፣ በክልል ቢሮ ወይም በለጋሽ ድርጅት ነው፤ ካለቀ በኋላ ርክክብ ይደረግና ለወረዳው ይተዋል። የወረዳው መደበኛ በጀት ደግሞ አብዛኛው ደመወዝ ነው። ጥገና ሲጠየቅ መልሱ «እቅድ ውስጥ ይገባል» ይሆናል፤ እቅድ ውስጥ የሚገባው ግን መዋቅሩ ፈርሶ እንደ አዲስ ግንባታ ሲጠየቅ ነው። በዚህ አሠራር ለመፍረስ ገንዘብ አለ፣ ላለመፍረስ የለም። ይህን የሚለውጥ አንድ ተግባራዊ መንገድ ይታየኛል፦ ማንኛውም የጎርፍ መከላከያ ሲፈቀድ ከግንባታው ዋጋ ጥቂት በመቶ ለጥገና በተለየ ሂሳብ ይቀመጥ፣ ርክክቡም ያለዚያ አይፈረም።

እዚህ ላይ ከራሳችን ልማድ የምንማረው አለ። በሸዋና በወሎ ቆላዎች የባህላዊ መስኖ በውሃ አባት ይመራል። ውሃ አባቱ ተራ ይሰጣል፣ ጠብ ይዳኛል፣ ክረምት ሲወጣ ቦይ እንዲጠረግ ሰው ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። የድንጋይና የቅርንጫፍ ጠለፋው በየክረምቱ እንደሚወሰድ ሁሉም ያውቃል፣ በየዓመቱም ይሠራል። የዚህ ሥርዓት ጥንካሬ ድንጋዩ ላይ አልነበረም፤ ጥገናው ከመጀመሪያው የአሠራሩ አካል መሆኑ ላይ ነው። ኮንክሪት ሲመጣ «አይፈርስም» ተባለ፣ ጥገናውም አብሮ ተረሳ። ወደ ቅርንጫፍ ጠለፋ እንመለስ የሚል የለም፤ የጎርፍ ሥራዎቹ ግን እንደ ውሃው ሁሉ ስም ያለው፣ የሚጠየቅ፣ መቅጫ ያለው ሰው ያስፈልጋቸዋል።

እንግዲህ ለሮቢና ለጀውሃ የትኛው ይሻላል? በእኔ ፍርድ ከአፋፉ ሥር የሚሠራ ትልቅ የጎርፍ ግድብ አሁን ባለው የጥገና አቅም መልስ አይደለም፤ ድንጋዩ ይሞላዋል፣ መስኖው ይጋራዋል፣ ከተማው ይተማመንበታል፣ ጠባቂ ግን የለውም። ጃፓኖችና ኦስትሪያውያን በእንዲህ ያሉ ተራራዎች ላይ የሚሠሩት መካከሉ ክፍት የሆነ ክትር ነው፤ ቋጥኙንና ግንዱን አስቀርቶ ውሃውን ያሳልፋል። እርሱም ቢሆን ከትልቅ ጎርፍ በኋላ በማሽን ካልተጠረገ ዋጋ የለውም፤ ጥቅሙ ግን ቢወድቅ የሚለቀው የተጠራቀመ ውሃ አለመኖሩ ነው። ከታች ጋቢዮኑ ይቀጥል፣ ወለሉ ግን በየዓመቱ ይለካ። ከወንዙ ዳር አዲስ ሰፈር አይፈቀድ፤ ይህ ወጪ የለውም፣ የሚፈልገው የከተማ አስተዳደሩን ጽናት ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያም አለ። ድሬዳዋ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የወሰደባት ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ተራራው ላይ በመሆኑ ነው፤ ከተማው ተኝቶ ነበር። የሮቢትም ሁኔታ ይኸው ነው። ደጋ ከዘነበበት እስከ ቆላ እስኪደርስ ያለው ሰዓት ጥቂት ቢሆንም ለስልክ ይበቃል። ደብረ ሲና ላይ ዝናብ የሚለካ አንድ ሰው፣ ከአፋፉ ሥር የወንዙን ከፍታ የሚያይ ሌላ፣ ሮቢት ላይ በሌሊት ስልክ የሚያነሣና መስጊዱንና ቤተ ክርስቲያኑን የሚቀሰቅስ ሦስተኛ ሰው፤ ይህ ከየትኛውም ግድብ ቀድሞ በአንድ ክረምት ውስጥ ሊጀመር የሚችል ነው።

ከዚያ በኋላም ለሮቢ ግድብ ይሠራ የሚል ጥናት ወደ ጠረጴዛ ከመጣ፣ ከሥዕሉ በፊት መነበብ ያለባቸው ገጾች አሉ። ነሐሴ ላይ ውሃው እንዲለቀቅ የማዘዝ ሥልጣን የማን ነው? ማስተንፈሻው ለየትኛው ጎርፍ ተሠርቷል፣ ያስ ጎርፍ ከዛሬው ዝናብ ጋር ይስማማል? ደለሉ በስንት ዓመት ይሞላዋል፣ የሚጠርገውስ ማን ነው? ግድቡ ቢፈርስ ውሃው በስንት ደቂቃ የትኛው ሰፈር ይደርሳል፣ ሰውስ በየት ይወጣል? በየግንቦቱ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ግድቡን በእግሩ ዞሮ በደብተር ላይ የሚፈርመው ባለሙያ ደመወዝ ከየትኛው በጀት ይከፈላል? እነዚህ ገጾች ባዶ ከሆኑ ጥናቱ ተመልሶ ይሠራ።